ግማሽ ስም

ከአንዶንግ ከተማ፣ ከወንዙ ባሻገር፣
ሽማግሌው ጊዩሃን ቀለም ይፈጫል በመስኮቱ ዳር።
በነሱ ዘር ደንብ ስም ከባለቤቱ ይቀድማል፤
በየትውልዱ ስም ውስጥ አንድ የጋራ ፊደል ይገባል።
የእሱ ትውልድ አፈር ነው፣ የልጁ የጆንግሁ ብረት፣
ከብረት ቀጥሎ ውሃ፣ እንዲህ ነው የጥንት ሥርዓት።
ስለዚህ ገና ላልተፀነሰ፣ ገና ላልታለመ ልጅ
ግማሽ ስሙ ተጽፏል፣ በሞተ ቅድመ አያት እጅ፦
«ሄ» ይላል፤ ባሕር ማለት ነው።
ከጎኑ ያለው ቦታ ነጭ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀ፤
በርበሬ በሰሌን ላይ አሥራ አንዴ ተሰጥቶ ደረቀ፤
ወንድ የተወለደ ለታ በደጁ ገመድ የሚሰቀለውን
ቀይ ቀዩን መርጦ ደበቀ።
ለመኸር በዓል ሲመጡ ጆንግሁና ሚስቱ በባቡር
አባት አይናገርም፤ መዝገቡን ገልጦ ይተዋል ከገበታው ዳር።

አንድ ማታ ምራቱ ሴርዮንግ (ባንክ ቤት ነው ሥራዋ፣
አንዲት ሳንቲም ከጎደለች አያልቅላት ጣጣዋ)
እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ፣ «አባቴ» አለችው፣
«እዚህ መስመር ላይ የሚጠብቁት ማንን ነው?
የዘገየ እንግዳ ቢሆን የወጣበት ቤት አለ፤
የጠፋ በግ ቢሆን የነበረበት በረት አለ፤
ይህ ልጅ ግን ከየት ቀረ? የት ተቀምጦ ዘገየ?
ቀሪ ሂሳብ እንኳ እኛ ጋ ባለቤት አለው፣ የታየ።»

«የልጅ ልጄን ነዋ!» አለ፣ ድምፁ ደረቅ ብሎ።
«የቱን?» አለች።
መልስ ቀረ፣ በቧንቧው አፍ እንደ ጠብታ ተንጠልጥሎ።

እኛስ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን የምንስቅበት አለን፤
ወተቷን አላየንም አልን እንጂ ላሟን መቼ ጠየቅን?
ቀይ ናት? ቡሬ ናት? ቀንዷስ ወዴት ዞረ?
የትኛዋ ላም ብንባል አፋችን ምን ሊል ነበረ?

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ባቡር በበረዶ ቆመ።
ባልና ሚስት በማያውቁት ከተማ አደሩ፤
የማደሪያው ማሞቂያ አርጅቶ ታመመ።
ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። በርበሬው በማሰሮው ቀረ፤
በደጁ ገመድ ላይ ከሰልና የጥድ ቅጠል ታሠረ።

ሃያ አንድ ቀን አያት ዝም ብሎ አያት።
ለቅሶዋ ከፍ ይላል፣ ይሰበራል፣ ይመለሳል በድንገት።
ከዚያ ብሩሹን ነከረ፤ «ራንግ» ብሎ ጻፈ፣ ሞገድ።
ሄራንግ። የባሕር ሞገድ።

ሞገድ ሳይነሣ በባሕሩ ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም፤
ባሕሩ ነበረ፣ ነፋሱ ነበረ፣
ያ ሞገድ ግን የትም አልነበረም።

ይህን ስጽፍ ግሡ አሰናከለኝ፤
«አልነበረችም» ብል፣ ከቃሉ መሐል «ች» ቀና ብላ አየችኝ።
ማን ናት እሷ? ሳትኖር በፊት ከአፌ ውስጥ ማን አስገባት?
ቋንቋዬ እንኳ ለሌለች ሴት ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

በዓመቱ፣ «ባቡሩ ባይቆምስ ኖሮ?» አለችው ሴርዮንግ፣ ልጅ አዝላ።
መነጽሩን ጠረገ እሱ፣ መልሱን እንደሚፈልግ ከመስታወቱ ኋላ።
«መስመሩ ቅር አይለውም፤ ወረቀት ነው፣ ሌላ ይይዛል።
እሷም ቅር አይላትም፤ የሌለ ሰው በምን ያዝናል?
እኔ ነኝ እንጂ ጉደኛው፦ ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ
እሷን አልጠበቅሁም ለካ፤ ማንን እንደሁ ሳላውቅ
ለማንም በሚሆን ግማሽ ስም ደጅ ጠናሁ።
ዛሬ ግን ወደ ኋላ እፈራለሁ፣
ያ በረዶ ባይጥል ብዬ ሌሊት እነቃለሁ።
‹ባትመጣስ ኖሮ› ማለት የቻልሁት ዛሬ ነው፣ ቀድሞ አይደለም፤
ያኔ ‹እሷ› የሚል ስጋት እንኳ ባለቤት አልነበረውም።»

መዝገቡን ከደነው። ከሄራንግ በታች ገና ነጭ መስመር አለ፣
ፊደሉ እንጨት። አላየውም። ወደ መደርደሪያው ሰቀለ።

ያን የተመረጠ በርበሬ ሴርዮንግ ከማሰሮው አውጥታ
ለክረምቱ ጎመን ጨመረችው፣ ከጨው ጋር ወቅጣ፣ አሽታ።
ቀዩ ቀለም እስከ ክርኗ ደረሰ፤
ለማን ደጅ እንደ ነበረ የጠየቀም የለ፣ ያለቀሰ።