የደምበጫው ደንበኛ

ቡሬ፥ ከበቆሎው መጋዘን ደጃፍ ላይ፣
ኮምፒውተሯን አንጓች ከፈተችው፥ እንዳይ።
ጆንያ ሲገባ ፕሮግራሟ ይቆጥራል፤
የጎደለ እንደሆን ዘበኛ ይጠራል።

ጥርሴን የነቀልሁት በበቆሎ ንግድ፤
ለይቼ እገዛለሁ ፍሬውን ከግርድ።
ይህን ግን ቆርጥሜ በጥርሴ አልፈትነው፤
መብራቱም ድርግም አለ፤ ባትሪዋም ባዶ ነው።

«ደንበኛ ስንት አለሽ?» አልኳት በጨለማ።
«ሁለት። የደምበጫው አይቆይም እሱማ፤
ሚዛኑን ሳላየው ጻፍሁለት፤ ጥፋቴ።»

እንዲህ ያለ አልሰማሁ ከሻጭ፥ በሕይወቴ።

ለአይሱዙ መግዣ ያኖርሁትን ገንዘብ
ሰጠኋት በድርሻ፤ ወለዱ አይታሰብ።
ሚስቴ ጠየቀችኝ፥ «ምን ጨበጥህ?» ብላ፤
አንጓች ደምበጫ ናት፥ ሚዛኑ ሥር ውላ።