ሲሾር የሚተኛ

አፉላ ነው ቤቴ፣ ጋራዥ ነው እንጀራዬ፣
የሰው ጎማ ማሾር፣ ይኸው ነው ሥራዬ።
"መሪው እየራደ አስቸገረኝ" ብለው መኪና ያመጣሉ፤
"በዝግታ ደህና ነው፣ ዘጠና ሲገባ ይብሳል" ይላሉ።
አውቀዋለሁ።
ጎማ ቆሞ ሲያዩት እንከን አይገኝለት፤
ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ዝምተኛ ፍጥረት።
የከበደው ጎኑ የሚያሳብቅበት
ሲሾር ነው፤ ያውም በፍጥነት።

አለቃዬ ኒሲም፣ የመጀመሪያ ቀን፣ እጄን ይዞ አሳየኝ፤
"ከከበደው በኩል እንዳትፍቅ" ነው ያለኝ፤
"ፊት ለፊቱ ዙርና እርሳስ ለጥፍለት፤
ክብደት የሚታረቅ ክብደት ሲያገኝ ነው፣ ትይዩ፣ ከፊት።"
ሃያ ግራም እርሳስ፤ ከጥፍሬ አይበልጥም።
መኪናው ኢየሩሳሌም ይደርሳል፣ አይንቀጠቀጥም።

ሐኑካ፣ ሦስተኛው ቀን። ዝናብ። ደንበኛ የለም።
ልጄ ኦፊር መጥታ ሰቪቮን አሾረች
ቅባት በጠገበው የሒሳብ ደብተሬ፣ ከቁጥሮቹ ቀለም።
አራት ፊት፣ አራት ፊደል፤ የመጨረሻው "ፔ" ነው፣
"ታላቅ ተአምር እዚህ ሆነ" የሚያሰኘው።
ባሕር ማዶ ላለ፣ "እዚያ" ተብሎ ነው የሚጻፈው።
በኛ መንደር ግና እዚህም እዚያም የሚል መጫወቻ አልነበረ፤
በዓሉን ሳናውቀው፣ እንዝርት ብቻ ሾረ።

"አየህ አባ" አለችኝ፣ "ሲሾር ፊደል የለም።"
እውነቷን ነው። እዚህና እዚያ ሆኑ አንድ ቀለም።
በጣቷ ገፋችው።
ይወድቃል ስል እኔ፣
ወደ ገፋችው ሳይሆን ወደ ጎን ዘመመ፤
ጎንበስ ቀና አለና እንደ ጸሎተኛ
ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ድምፁም ጠፋ ጭራሽ።
"አሁን" አለች፣ "ተኛ።
እንዲህ ነው የሚሉት በፊዚክስ ትምህርት፤
እጅግ ሲፈጥንና የቆመ ሲመስል፣
እንቅልፍ ይሉታል ያንን ሁሉ ትጋት።"

እንቅልፍ እንዲህ ከሆነ፣ እኔም ተኝቻለሁ፣ አርባ ዓመት።

ወንድም ነበረኝ፣ ታናሽ። ስሙ ታከለ ነው።
በሱዳን በኩል ስንመጣ፣ በሌት፣ አሸዋ አለበስነው።
ታከለ ተቀነሰ።
ድምፅ ክልክል ነበር፤ ማንም አላለቀሰ።
ቆሜ ያየኝ ሁሉ "ደህና ሰው" ይለኛል፤
ሩጫ ስጀምር ነው፣ ወታደር ቤት ሳለሁ፣ የሠርጌ ቀን ማታ፣ አውራ ጎዳና ላይ፣
አንድ ጎኔ ከብዶ ያንቀጠቅጠኛል።
"እርሳ" አሉኝ ብዙዎች፣ ለደግ አስበው፤
አንዲት ፊደል ጎድላባቸው ነው።
"እርሳስ" ያለኝ ኒሲም ብቻ ነው።

ሰቪቮኑ ደከመ። ተንገዳገደና፣ ደብተሩን ጫረና፣
"ዞሮ ዞሮ ከቤት" ይላል ያገሬ ሰው፤ የቱ እንደሆነ ቤት ሳይለይ ገና
ወደቀ።
የትኛው ፊደል እንደወጣ አላየሁም፤ መዳፏን ከደነችበት።
ትንሽ እጅ፣ የማትከብድ፣
ከከበደው ጎኔ ትይዩ፣ ከፊት።
"ልግለጠው?" አለችኝ።
"ተይው" አልኳት፤ "ይልቅ አሹሪው፣ ይተኛበት።"