የውስጥ ኪስ

ዙልሚራ ነኝ፣ ሰፊ፣ ከወንዙ አፍ ላይ ቤቴ፣
ሸራ ስሰፋ ነው ያለቀው ጉልበቴ።
የጀልባ፣ የመርከብ፣ ነፋስ የሚነፋው፣
ትልቅ ትልቁን ነው እጄ የሚሰፋው።
አሁን ግን በሞተር ሆነ የባሕር መንገድ፣
ሸራዬም ታጥፎ ቀረ ከነገመድ።

በነሐሴ ማብቂያ መምህርት ግራሳ
መጣች፣ ጣቃ ጨርቅ እንደ ልጅ አንተርሳ።
«ሃያ ሦስት ሽርጥ፣ ትምህርት ሳይከፈት፤
ቢጫው ለሦስት ዓመት፣
አረንጓዴው ለአራት፣
ሰማያዊው ለአምስት።
ቁልፉ ከኋላ ይሁን። ኪስ ግን፣ እባክሽ፣ አደራ!
አምና ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፤
ቀንድ አውጣ፣ አሸዋ፣ የተነከሰ ዳቦ፣
አንዱማ የሰርዲን ራስ፣ ሦስት ቀን ከርሞ፣ በስብሶ።»
«እሺ» አልኩ።
እሺ ያለው አፌ ነው።

ልኬት አልሰጠችኝም፤ ደረት ስንት? ቁመት?
ልጅ አልወለድኩ፣ የለኝ የሚለካ በቤት።
ሄጄ ቆምኩኝ ከዓሣ ገበያው ደጃፍ፣
የልጅ ትከሻ ስለካ በዓይኔ ጫፍ።
አንዷ እናት ጠርጥራ ልጇን ሳበች ወደ ጉያዋ፤
ሜትሬን ከኪሴ ባወጣ፣ ሳቀች በእፍረቷ።

ስንት ዘመን በክንድ ስለካ ኖሬ፣
አሁን በጣት ሆነ ልኬቴም ቁጥሬ።
የእጅጌው ቀዳዳ ብርቱካን ቢያሾልክ ነው።
የመጀመሪያው አንገት ለድመቴም ጠበባት፤
ፈታሁት፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ሰፋሁት።

ኪሱስ?
ሰው ያለ ኪስ እጁን የት ያደርጋል?
ሲያፍር፣ ሲበርደው፣ በሰው ፊት ሲጠሩት፣
የገዛ ስሙን ሲረሳው፣ በምን ይሸሸጋል?
ከወደ ውስጥ ሰፋሁ፣ ከልብ ዝቅ ብሎ፣
መዳፍ የሚያህለውን፣ በጨርቁ ተከልሎ።
ለማንም አልነገርኩም። ልጅ ኪስ ለማግኘት
መምህር አያስፈልገውም።

ሰኔ ላይ ተመለሱ፣ በሁለት ከረጢት፣
ታጥበው፣ ተጠግነው፣ ለሚቀጥሉት።
ግራሳ ስለ ኪሱ አንድ ቃል አልወጣት፤
ዓይኗ ግን ሲስቅ አየሁት።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፦
ከጋስፓር የቀንድ አውጣ ቤት፣ ባለቤቱ የሌለ፤
ከቤኔዲታ ጥርስ፣ የራሷ መሰለኝ፣ የሩዝ ፍሬ ያከለ፤
ከዱዋርቴ አሸዋ፣ ጠርጌው ጠርጌው የማያልቅ፤
ከኢሪያ ደብዳቤ፣ ፊደል የሌለው፣ ሞገድ ሞገድ መስመር ብቻ።
ለማን እንደጻፈችው እንጃ፤ አጥፌ መለስኩት።

በመጨረሻ አንድ ቢጫ፤
ስሙን አጠባ በልቶታል።
ኪሱ ባዶ።
ፍርፋሪ የለ፣ የአሸዋ ቅንጣት የለ።
ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ፤
ጠርዙ ሳስቷል፣ ክሬ በአንድ በኩል ተበልቷል፣
ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ሲጎትተው እንደከረመ ሸራ።
ከሃያ ሦስቱ እንደዚህ የለፋ ኪስ አላየሁም።
ቆሜ ቆየሁ።
ዕቃ አልነበረም እዚያ የሚቀመጠው። እጅ ነበረ።

ማን እንደሆነ ግራሳን አልጠየቅኳትም።
የዘንድሮ ቢጫ በመስከረም አረንጓዴ ይለብሳል፤
ስለዚህ አረንጓዴዎቹን፣ ስምንቱንም፣
ኪሳቸውን ፈታሁ፣ አንድ ጣት አሰፋሁ፣
ሰም የጠጣውን ክር ከሣጥኑ አወጣሁ፣
ደርቤ መታሁት፣ ማዕበል በሚችለው፣
በዱሮው ስፌቴ።