ማዕዘኑ ይሞላ

ለውብአንተ ክንዱ፣ ለምንትዋብ ኮዱ፣
ለይታገሱ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ገመዱ፤
ዕጣው ሲከፋፈል የተረፈው ለእኔ
ፓራውልት ነበር።
«ትራስ ሰፊ» አሉኝ፣ ሳቁብኝ ከጎኔ።

አብሬ ሳቅሁ። ጥቅምት ነው፤
የቤተ ሙከራው ቁልፍ በውርጭ ይነክሳል፤
የሮቦቱን ደንብ ገለጥሁት፣ ቃሉ እንዲህ ይላል፦
ከወለሉ ከዚህ አይነሣ፣ ከዚህም አይውረድ፤
ጨርቁ ቀይ ወይ ሰማያዊ፣ ሲጎተት የማይቀደድ፤
እንጨቱ አይታይ፤ ብሎን ወጥቶ ሰው አይንካ፤
የሚመዝን አለ፣ አለ የሚለካ፤
ማዕዘኑ ይሞላ።

አባቴ የመጽሐፍ ቤት ሰው ነው፤ ማታ ተርጉሜ ባነብለት
መነጽሩን አወለቀ፤ ያው አመሉ መጣበት፦
«ማዕዘኑ ይሞላ ያለው፣
አንድም፣ ሁለት ሳንቃ ሲጋጠም መኻሉ አፍ እንዳያወጣ ነው፤
አንድም፣ የሚመታህ ሁልጊዜ በፊት አይመጣም፣ ዞሮ ነው፤
አንድም...» አለና ቆመ። ሦስተኛውን ዋጠው።

እናቴ «የመንዝ በግ ጠጉር ሙላበት» አለች፤
«ደንቡ ጠጉር አያውቅም» ብላት፣ ደንቡን ታዘበች።

ኮምፔርሳቶው የቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የነበረ፣
ጀርባው ላይ «ታሪክ፣ ዘጠነኛ ክፍል» የሚል የቀረ።
ስፖንጅ ፍለጋ ጠባሴ ወረድሁ፣
ሶፋ ሠሪው ጋሽ ሸዋንግዛው ዘንድ፣ ልኩን ነገርሁ።
«ማን ነው የሚቀመጥበት?»
«ማንም። የሚጋጩበት ነው።»
መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ፤ ቆየ።
«አርባ ዓመት ለሚያርፍ ሰው ሰፋሁ፤ ለሚመታ ስሰፋ
ይኸ የመጀመሪያዬ ነው» አለና ሸራው ላይ ተደፋ።
«ጨርቅ ሜዳ ላይ አይዋሽም፤ ማዕዘን ላይ ነው የሚዋሽ፤
እጥፉን እንደ ፖስታ አርገህ ያዘው፣ ከጣትህ እንዳይሸሽ።»

ሚዛን የለንም፤ ከእህል ነጋዴዋ ከእትዬ ጌጤነሽ በረንዳ
ባቄላው ወርዶ ቀዩ ሸራ ወጣ፤ ሦስት መቶ ግራም ዕዳ።
«ባቄላ ቢሆን በመረቅሁህ» አለች።
ድርቡን ጨርቅ ፈታሁት።

ቅዳሜ አራቱም ጎን ገጠመ፤ ሁሉም አበቃ መሰለ፤
የኋላው ቀኝ ጥግ ግን፣ በጨርቁ ሥር፣ ጣት የሚያስገባ ክፍት አለ።
«ሸራው ሸፍኖታል፤ ማን ያየዋል?» አለ ይታገሱ።
እውነቱን ነው። ማንም አያየውም።
ሌሊት ግን ብርድ ልብሴ ከአንድ እግሬ ጣት ሸሸ፤
ከዚያች ከጣት ከማትበልጥ ቦታ ተነሥቶ
ብርዱ እስከ ጥርሴ ደረሰ።

ጠዋት በካቻቢቴ ሽቦውን ነቀልሁ፣
አንድ በአንድ፣ ሠላሳ ዘጠኙን ቆጠርሁ፤
ጥጉን ሞላሁ፤ እንደ ፖስታ አጠፍሁ።
በጥድፊያ ቁጥሩን መልሼ ስሰፋ
ሰባቷ ትንሽ ዘመመች።

በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ፈታሿ ተንበረከከች፤
ማስመሪያዋን አቆመች፤ ከዚያ ዝም ብላ
አራቱን ጥግ በአውራ ጣቷ ጫነች።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ
ጣቷ የሚገባበት አጣ።
«ሰባታችሁ ዘማለች።»
«ግን ትነበባለች።»
ሣቀች፤ ወረቀቷን ለጠፈች።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? በሦስተኛው ዙር
ክንዱ ተሰበረ፤ ኮዱም ታንቆ ቀረ፤
ከአንኮበር የመጣው ቡድን በሙሉ ኃይሉ በረረ፣
የኋላውን ቀኝ ጥጋችንን አገኘው።
አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።
የወጣው ድምፅ ግን፣
ደክሞት የገባ ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ
የሚሰማው ዓይነት ነበር።
ማንም አላጨበጨበም፤
ለስላሳ ነገር ሲሳካለት ማን ያጨበጭባል?

ከኋላው በር አጠገብ ጋሽ ሸዋንግዛው ቆሟል፣
ብጥስጣሽ ክር ትከሻው ላይ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ።
«ያው፣ ተቀመጠበት» አለ፤
ሌላም ሳይጨምር ወጣ።
ያላለቀ ሶፋ ነበረው።