ሳሉ አራተኛው ላይ ነው

አምፕሊፋየሩ አለ፤ ከወንድሜ ገዛሁ፤
ስፒከሮቹንም ከተዘጋ ሆቴል በርካሽ አነሣሁ፤
የአንዱ ጨርቅ ቢቀደድ፣ በነጠላ ጥለት
ትርንጎ ሸፍናዋለች፣ ለሚያይ እንዲያምርበት።
የጎደለው አንድ ነው፤ ሲዲ የሚያነበው።
«በስልክ አትሰማም ወይ?» ይለኛል ናሁሠናይ፤
እኔ ስልክ አምኜ አላውቅም በዚህ ጉዳይ።

ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ ከዕቁብ የተረፈ፣
በመሐረብ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ያረፈ፤
ከዚህ ላይ የመብራት፣ ከዚህ ላይ የልጅ ጫማ፣
ብሩ ከኪሴ ሳይወጣ ጉዳዩ ሁሉ ተሻማ።

ቅዳሜ ነው። ከጠባሴ በባጃጅ ወረድሁ፤
ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ አንገቴን ቀበርሁ።
ሲዲዋን ከጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ ይዣለሁ፤
እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ ብዬ እራመዳለሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ፣ መስታወቱ የጠራ፣
ዕቃው በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ የሚያበራ፤
«ዲቪዲም ያጫውታል፣ ፍላሽም ይቀበላል፣
ሪሞቱም ከነባትሪው፤ ሌላ ምን ይባላል?
አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ!» አለኝ ባለሱቁ።
አነሣሁት፤ ቀለለኝ፤ የት ሄደ ስንቁ?
ሲዲዋን ሰጠሁት። ዋጠ። አጫወተ።
ማሲንቆው መጣ እንጂ፣ የሆነ ነገር ሞተ።
አራተኛው ላይ ደረስን። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
የለም። ሳሉ የለም። «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ።

ሳሉ የአባቴ ነው።
ሰላ ድንጋይ ቤታችን፣ አንድ የክረምት ማታ፣
ማሲንቆ መቺው ጥላዬ በዝናብ ተመታ፤
ገባና ከእኛ ዘንድ፣ ጭራውን አድርቆ፣
ሲመታልን አመሸ አረቄ ቀምሶ ሞቆ።
እኅቴ አስካለማርያም በቴፕ ቀረጸችው፤
ኋላ ወደ ሲዲ አዙራ ከሐዋሳ ላከችው።
አባቴ ጥግ ተቀምጦ፣ በአራተኛው ዜማ፣
አንዴ ሳለ። ሌላ ድምፁ በየትም አይሰማ።
ፎቶውማ ሞልቷል፤ መታወቂያም ላይ አለ፤
ፎቶ ግን ጉሮሮውን መቼ ጠርጎ ሳለ?

ሁለተኛው ሱቅ፣ «ጃፓን» የሚል ለጥፎ፣
ዋጋው ስድስት ሺህ፣ ባለቤቱ አኩርፎ፤
አልነካሁትም፤ አየሁት፤ ዐይን አይከፍል ቀረጥ፤
ወጣሁ ቀስ ብዬ፣ በሩን ሳላናውጥ።

ሦስተኛው ሱቅ አይደለም፤ የጥገና ቤት ነው፣
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው አጥር ጀርባ ያለው።
ወንድይፍራው፣ መነጽሩን በክር አስሮ፣
ከሞቱ ሬዲዮኖች መሐል ተቀምጧል አቀርቅሮ።
«ሲዲ ማጫወቻ?» ሳቀ። «የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር!»
ከመደርደሪያ ሥር ጎተተ፣ የአቧራ ካብ፣ የአቧራ ክምር።
ጥቁር፣ ከባድ። ሪሞት የለው። አንድ ጥጉ ተላልጧል።
መሳቢያው ሲከፈት፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ሽማግሌ ያምጣል።
«ሌንሱን በአልኮል ጠርጌ፣ ጎማውንም ቀይሬ፤
የሚያበራ ነገር የለውም፤ ሥራ ነው የሚያውቅ፣ እንደ በሬ።»

ሲዲዋ ገባች፣ ዞረች። ፀጥታ መጣ መጀመሪያ፤
የቤታችን ፀጥታ፣ ዝናብ ያለበት ጣሪያ።
ከዚያ ማሲንቆው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ፣
ወንድይፍራው ብየዳውን ትቶ ወደ እኔ ሲያይ፣
እኽ፣ እኽ።

«ይሄ ጉድለት የሲዲዋ ነው፣ የዕቃው አይደለም፤
ከፈለግህ በኮምፒውተር ላጥፋው…» «ኧረ በፍጹም፣ የለም!»

ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አለ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ አልሁ።
ገመዱ ይጨመር እንጂ! ማለ። እኔም ማልሁ።
ወጣሁ። ተጠራሁ። በሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ
ዘጋነው፤ ገመዱን መረቀ፤ ኪሴም ሳሳ።
የቀረችኝ ሃምሳ ብር ለባጃጅ ትበቃ ይሆናል፤
የመብራቱ ሰኞ ይታሰባል፤ ጫማው ለመስቀል ይደርሳል።

ትርንጎ «ይሄን አሮጌ? መብራት እንኳ የለው!» አለች፤
ሪሞት ስለሌለው እኔው ተነሥቼ ስጫነው ሳቀች።
አራተኛው ላይ ስንደርስ
ምንም አላለች። ብቻ እጇ፣ እንደ ድሮ ልማዱ፣
ወደ ውኃው ጆግ ሄዶ፣ ቆመ በመንገዱ።