ቅንፍ

ሃያ ሁለት ክረምት፣ ሬይክያቪክ ሸንጎ፣
ጣቴ ቃል ለቀመ፣ ሳል ሳሉን ጠርጎ።
ለሳቅ ቅንፍ አለን፣
ለጭብጨባም አለን፤
ለሌላው ነገር ግን ደንቡ ከለከለን።

ዛሬ ሚኒስትሯ ሃልቤራ ተነሣች፤
ከዓሣው ኮታ ላይ ጥቂት ቶን ቀነሰች፣
ለምዕራቡ ዋሻ ድንጋይ አስፈለጠች፣
ለተማሪ ወተት ሳንቲም ጨማመረች፣
የአረጋውያን ቤት «በጥናት ላይ ነው» አለች።
(ሳቅ)
አንድ ገጽ ሳይሞላ ተራራ ተበሳ፣
ሞቶ የነበር ዓሣ ከባሕሩ ተነሣ።

ስቴይንቶር ጠየቀ፣ ከኋላው ወንበር፦
«ክብርት ሚኒስትር፣
የስቫርትቪክ ፋና፣ ያ የባሕር ማማ፣ ከምን ደረሰ ነገር?»
ወረቀት ገለጠች።
«ከጥር አንድ ጀምሮ መብራቱ ይጠፋል» አለች፣
ቆመች።

አባቷ ነበረ ጨው ከመስተዋቱ
በሌሊት የሚጠርግ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ።
ይህን ሁሉም ያውቃል። ውኃ ተጎነጨች።
የግድግዳው ሰዓት ብቻዋን ቆጠረች፤
አሥራ አንድ ሰከንድ።
ከዚያ «በጀት» ብላ ወደ መንገድ ሥራ ጉዳይ ተሻገረች።

እኔ ግን ማታ ላይ፣ ደንቡን ተላልፌ፣
ወጣሁ ከዚያ ሸንጎ ባዶ ቅንፍ ጽፌ፦
(                )
አራሚው ነገ ጧት፣ ቀይ ብዕሩን ስሎ፣
ይሰርዘው ይሆናል «ቃል ረስተሻል» ብሎ።