ለስንት ሰው?

ሃያ ሦስት ዓመት፣ በዚህ ቆርቆሮ ሱቅ፣
መጥበሻ ስሸጥ ኖሬ፣ ሰው አወቅሁ ጥንቅቅ።

ጋዝ የሚገዛ ሰው ሰዓቱን ያያል፤
ቁልፍ ጠምዝዞ፣ በልቶ፣ ይተኛል።
ያ በስልክ የሚታዘዝ፣ እንክብል እንጨት የሚበላ፣
ያምራል፣ አልዋሽም፤
ባለቤቱ ግን ያንኮራፋል፣ እሳቱን ይዞለት ሌላ።
ከሰል የሚመርጥ ትዕግሥት አለው፣ እስከ ማታ፤
ክዳኑን ሲከፍት፣ ሲዘጋ፣ ሲያነሣ፣ ሲመታ።

የአባቴ ሥራ ግን፣
ከነዳጅ ቧንቧ ቆርጦ የበየደው፣
በጎኑ የእሳት ሣጥን ያስወለደው፣
እሱ ሌላ ነው። በየሰዓቱ ግንድ ካላጎረስከው
ያኮርፋል። ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትጠብቀው።

ሐሙስ ከሰዓት ኦርቪል ሃቭሊክ መጣ፤
ላብ ቀለበት ሠርቷል ባሮጌው ባርኔጣ።
የያንዳንዱን ክዳን አንሥቶ አየ፤
እንደ ፈረስ ጥርስ ውስጡን መረመረ፣ ለየ።
በጉልበቱ ወርዶ ማጠፊያውን ነካ፤
የብረቱን ውፍረት ባውራ ጣቱ ለካ።
«ይኼ ይዝጋል» አለ። «ይኼኛው ያፈሳል።
ይኼ የቆርቆሮ ልጅ ነው፣ ሙቀቱን ይረሳል።»

እኔም ሁሉን ገዢ የምጠይቀውን፣
ያለ ክፋት፣ እንዲያው አፌ የለመደውን፣
«ለስንት ሰው ነው?» አልሁት።

ዝም አለ።
ማራገቢያው ዞረ፤ የዋጋ ወረቀቶቹ ተርገበገቡ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ግን ቃል አይመለስም ካፍ ከወጣ፤
ቬልማ፣ የድንች ሰላጣ በባልዲ ይዛ
ቤተ ክርስቲያን የምትመጣ፣
በየካቲት ነበር ከዚያ ቤት የወጣችው፣
ስድስት ሰው ተሸክሟት።
ልጆቹ ሂዩስተን ናቸው፤ ይደውላሉ፣ ሲያስታውሱት።

ጣቱን ዘረጋ። አንድ ቆጠረ። አጠፈው።
ሁለተኛውን ሊያነሣ ጀምሮ ተወው።
«ውሻ ይቆጠራል?» አለኝ።
«በቴክሳስ?» አልሁት፤ «ከአማች በፊት!»
ሳቀ፤ ሳቁ አልቆም አፉ ክፍት ቀረ ለቅጽበት።

ትንሿን አሳየሁት፣ ባለ ሦስት እግሯን፣
ሁለት ቁራጭ ጎድን የምትችለዋን።
በቂ ነበረች።
እውነቴን ነው፣ በቂ ነበረች።

አለፋት። በጓሮ በር ወጣ ወደ ብየዳው ጥላ፤
እዚያ ተጋድሞ ነበር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልተሸጠ፣
እንደ ጎሽ ገላ፣
ሃምሳ ሰው የሚያበላ፤
ጭስ ማውጫው ጠማማ፣ ክዳኑ የሚጮኽ እንደ ጎተራ በር፤
አባቴ «ስሕተቴ» የሚለው ነበር።

«ይኼን» አለ።
«ኦርቪል፣ ይኼ እኮ የሠርግ ነው!»
«ማሪሴላ» አለኝ፣ ብረቱን እየዳበሰ፣
«ትንሿን ከወሰድሁ፣ ሰው እንደማይመጣ ፈረምሁ።»
ምን እላለሁ? ደረሰኙ ላይ ግማሹን ዋጋ ጻፍሁ።

ቅዳሜ ማታ ጭሱን ከድልድዩ አየሁት፤
የኦክ ጭስ፣ ዝቅ ብሎ ወንዙን የተከተለ።
እንዳልፍ ነበር ሐሳቤ። መኪናዬ ግን ታጠፈ።

ወይዘሮ ኤስተል ቀድማኛለች፣ በቤት ጫማ፤
«ጭስህ መኝታ ቤቴ ገባ» ብላ ልትቆጣ
መጥታ፣ ወንበር ፈልጋ፣ ተቀምጣ።
የማደያው ልጅ ራሞንም ከሥራ እንደወጣ፣
ልብሱ ቤንዚን እየሸተተ፣
«እሳቱ አጠገብ አትድረስ» ተብሎ አጥሩ ላይ ተጎለተ።

ልንገራችሁ፣ ፍርምባው አልተሳካም፤
እሑድ ቀትር ላይ ሲወጣ ኮርቻ ነበር፣ ለጥርስም አይመች።
እሳት ካየው ምን ለየው ብለን በላነው፣
ውሻው ከሁላችን አስበልጦ።

እኔ ግን የማልረሳው ሌሊት አሥር ሰዓቱን ነው።
ኤስተል አንገቷን ደፍታ ተኝታለች፤
ኦርቪል በፍሙ ብርሃን ጣቱን ዘርግቶ
አንዱን ያጥፋል፣ ያነሣል፣ እንደገና ያጥፋል።
ምን እንደሚቆጥር አልጠየቅሁትም።
የእሳቱ ሣጥን አኩርፎ ነበር፤
ተነሥቼ አንድ ግንድ አጎረስሁት።